ገመድ የሚለምነው ባለ ግንብ

በደቡብ ፈረንሳይ ሮሽብሬል በምትባል መንደር፣ የኮረብታው ግንብ ባለቤት የሆነ ሰው ሁሉ፣ አጨዳ ሲያልቅ ባርኔጣውን አውልቆ ይወርድና በየደጁ ቁራጭ ገመድ ይለምናል። የሰጡትን ቀጣጥሎ ከግንቡ ጉድጓድ ውኃ ይቀዳል። ልማዱ የመጣው ከባላባቱ ከጎቲዬ ዘመን ነው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ ጎቲዬ ለኃያሉ ጎረቤቱ ለመስፍን ሬኖ ገብሮ፣ በተጠየቀ ጊዜ ግንቡን ሊያስረክበው ምሎ ነበር። በአገሩ ሕግ መስፍኑ ሰንደቁን ለአንድ ቀን ሰቅሎ ግንቡን ይመልሳል። ወንዙ ሳይቀር በደረቀበት በጋ የሬኖ መልእክተኛ መጣ። ጎቲዬ እህል አልቀምስ አለ። እምቢ ቢል መሐላ አፍራሽ ተብሎ ርስቱን ይነጠቃል፤ እሺ ቢል ደግሞ ሬኖ ከገባበት ግንብ ወጥቶ አያውቅም።

«ያስረክቡት» አለችው ሚስቱ ኦዲል።

«ከዚያስ የት ልንገባ?»

«ያስረክቡት ብያለሁ። የጉድጓዱን ገመድ ብቻ ለእኔ ይተዉልኝ።»

ጉድጓዱ ከዐለት የተፈለፈለ፣ እጅግ ጥልቅ ነበር፤ በግንቡም ሌላ ውኃ አልነበረም። ኦዲል ረጅሙን ገመድ ቆራርጣ ለገበሬዎቹ ቤት ለቤት አደለችና ባልና ሚስቱ ወደ መንደሩ ወረዱ።

ሬኖ ገባ፣ ሰንደቁ ተሰቀለ፣ ቀኑ አለፈ፤ ሰንደቁ ግን አልወረደም። ጎቲዬ ከአንድ ጎተራ ደጅ ቆሞ ሽቅብ እያየ፣ አንዱ ገበሬ በብር ቢታለል ሌላውም ይከተላል ብሎ ይባትት ነበር። ከላይ የተጠሙ ፈረሶች ያሽካካሉ። በማግሥቱ መስፍኑ በቅጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«አንተ ጎቲዬ! ገመዱን የት አባክ አደረስከው?»

«ጌታዬ፣ ላስረክብ የማልኩት ግንቡን ነው። ስለ ገመድ ማን አነሣ?»

የኮርቻ ጠፍር ሁሉ እርስ በርሱ ቢታሰርም ከውኃው አልደረሰም። ለገበሬዎቹም ብር ቀረበላቸው፤ ግን የአንዱ ቁራጭ ብቻውን ለምንም አይበቃም፣ ቀድሞ ሸጦ ከሃዲ መባልን የፈለገም አልነበረም። ሬኖ እየተራገመ ሄደ።

ጎቲዬ ወደ ግንቡ ሲመለስ ጉሮሮው ደርቆ ነበር።

«የእኔ ቁራጭ የታለ?»

«ለእርስዎ አላስቀረሁም» አለች ኦዲል። «መስፍኑ ቀድሞ የሚያስፈትሸው እርስዎን ነበር።»

ባላባቱ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ መጀመሪያው ጎጆ ወረደ።

ዛሬ ግንቡ ቧንቧ ገብቶለታል። የመንደሩ ሰዎች ግን ቧንቧ አለው ብለው ባለቤቱን አልማሩትም፤ ቁራጩንም የሚሰጡት ጥቂት ደጅ ካስጠኑት በኋላ ነው።