የዲኑ ፎቶግራፍ

በአንድ ኮሌጅ የድረ ገጽ ሥራ የምትማር፣ ለመልስ የማትቸገር ህብስት የምትባል ልጅ ነበረች። የመመረቂያ ሥራዋ የኮሌጁን ድረ ገጽ መሥራት ሆነ። መምህሯም፣ “ገጹ እንደተነካ ወዲያው ካልተከፈተ ኤፍ ታገኛለሽ” ብለው አስጠነቀቋት።

ይህን ሥራ እንደያዘች የሰሙት የኮሌጁ ዲን ቢሯቸው አስጠሯት። ግድግዳ የሚያህል ፎቶግራፋቸውን በፍላሽ ሰጥተው፣ “ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እኔ ልሁን። ፎቶውን እንዳለ አስገቢው፤ ምንም እንዳትነኪው” አሏት። ፎቶው ከባድ ስለሆነ ገጹን እንደሚያዘገየው ብታስረዳቸውም አልሰሟትም። እምቢ ብትል ዲኑ፣ እሺ ብትል መምህሩ ሊጥሏት ሆነ። ጨነቃት፤ ቢሆንም የታዘዘችውን አደረገች።

ሥራዋን በምታቀርብበት ዕለት ዲኑ ከፊት ተቀመጡ። ህብስት ገጹን ከፈተች። ጽሑፉ ወዲያው መጣ፤ መሃሉ ግን ባዶውን ቀረ። መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። ዲኑ ትዕግሥታቸው አልቆ፣ “ይሄ ነው ሥራሽ? ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጠብቀን?” አሏት።

“ክቡር ዲን፣ ሌላው ሁሉ በሰዓቱ ደርሷል፤ የምንጠብቀው እርስዎን ነው” አለች።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ዲኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ “እና ምን ይሻላል?” ሲሉ ጠየቁ።

“እርስዎ ትንሽ አነስ ቢሉልኝ፣ ገጹም ይፈጥናል፣ እኔም አልፋለሁ።”

ይሄኔ ዲኑ ራሳቸው ሳቅ አመለጣቸው። “በይ እሺ፣ አሳንሺኝ” አሉ፤ ህብስትም በኤ አለፈች።