ቀዩ መብራት ያነሰበት ክስ

አንድ ቀን ሽመክት የሚባል፣ ሥራው በውል የማይታወቅ ግን ኪሱ ደርቆ የማያውቅ ጎረምሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ካናቢስ ሲያበቅል ተይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ። ልብሱን ሁሉ አውጥቶ ወለሉ ላይ ከምሮ፣ በልብሱ ፈንታ አፈር የሞላባቸው ባልዲዎች ደርድሮ፣ ከላያቸው ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ የኤልኢዲ መብራት ሰቅሎ ነበር። መስኮቱ ሐምራዊ ሆኖ ሲያዩት፣ ጎረቤቶቹ ግማሹ ጭፈራ ቤት የከፈተ፣ ግማሹ ደግሞ ጠንቋይ ያስገባ መስሏቸው ነበር።

ሽመክት የያዘው መከራከሪያ አንድ ብቻ ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ሰው አበባ ነው ብሎኝ ነው የገዛሁት ይላል። ችሎቱ ውስጥ ያመነው ሰው አልነበረም፤ የገዛ እናቱ እንኳ መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት። ዐቃቤ ሕጉ አውቆ ማብቀሉን ካስረዳ ወህኒ መውረዱ ነው።

ዐቃቤ ሕጉ በምስክርነት የጠራው ጋሽ ወንድይራድን ነው። ጋሽ ወንድይራድ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ የሽመክት ቤት ሲፈተሽ በታዛቢነት የገቡትም እርሳቸው ነበሩ። የማያውቁት ነገር የለም። ቧንቧ ሠራተኛ ሲመጣ ስለ ቧንቧ ያስተምሩታል፣ ቀብር ላይ የቄሱን ፍትሐት ያርማሉ። ሰው ሲሳሳት ዝም ብሎ ማየት ያማቸዋል።

ያዩትን ተናግረው ሲጨርሱ ዳኛዋ ሽመክትን መስቀለኛ ጥያቄ እንዳለው ጠየቁት። ጠበቃ የለውም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተነሣና፣ ጋሽ ወንድይራድ መብራቱን እንዴት እንዳገኙት በትሕትና ጠየቃቸው።

«እሱ መብራት ይባላል?» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። «ሰማያዊውን አብዝተኸዋል። ሰማያዊ እኮ ቅጠል ነው የሚያበዛው። እንዲያብብልህ ከፈለግህ ቀዩን ነው ማብዛት።»

«አሰቃቀሉስ፣ ጋሼ?»

«አናቱ ላይ ደፋህበታ! ጫፍ ጫፉ አሯል። ክንድ ያህል ከፍ ታደርገዋለህ፣ ለዳር ለዳሩም ታካፍለዋለህ። ደግሞ ሌት ተቀን ስታበራበት ነበር። ጨለማ ካላገኘ በምን ያብባል?»

ዐቃቤ ሕጉ ጉሮሮውን ጠራረገ። ጋሽ ወንድይራድ ዞር ብለውም አላዩት፤ ገና ወደ አፈሩ ሊገቡ ነበር።

«እርስዎ ቤት ያለውስ ጥሩ አብቧል?» አላቸው ሽመክት፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀይር።

«የኔማ ከዚህ ጋር አይወዳደርም» አሉ። አፋቸውን በእጃቸው የያዙት ከዚህ በኋላ ነው።

ሽመክት ወደ ዳኛዋ ዞረ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የተከሰስኩት አውቆ አብቅሏል ተብዬ ነው። በቀለሙ ተሳስቻለሁ፣ በአሰቃቀሉ ተሳስቻለሁ፣ አንዲት አበባ እንኳ አላወጣሁም። አለማወቄን ዐቃቤ ሕግ በራሱ ምስክር አስረድቶልኛል። የሚያውቅ ሰው ነው የምንፈልገው ከተባለ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቃለ መሐላ ፈጽመው እዚያ ቆመዋል።»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። የሽመክት እናት እንኳ በነጠላቸው ተሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳኛዋ ሳቃቸው እስኪያልፍ መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብለው ቆዩና፣ ፖሊሱን ጠርተው የምስክሩ ቤት እንዲፈተሽ አዘዙ። አድራሻውን ሲነግሩትም «ሦስተኛ ፎቅ» አሉ።

ጋሽ ወንድይራድ አላስቻላቸውም።

«አራተኛ» ብለው አረሟቸው።