በር ላይ የቀሩት እንግዳ

አንድ ወጣት ለትምህርት ባሕር ማዶ ሄዶ የተማሪዎች ማደሪያ ገባ። ስለ ደንብ ሲያወራ ከረባቱን የሚያጠብቀው የማደሪያው ኃላፊ፣ «እንግዳ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያስቆየ ይባረራል» አለው።

በሳምንቱ ያገሩ ሰው አቶ ይርዳው ሊጠይቁት መጡ። ክፍሉ በር ላይ፣ «ይግቡ»፣ «ኧረ አንተ ቅደም»፣ «በሞቴ!»፣ «አፈር ስሆን!» ሲባባሉ ኃላፊው ሰዓቱን እያየ ደረሰ።

«ግማሽ ሰዓቱ አልፏል! ዕቃህን ሰብስብ!»

«ጌታዬ፣ እንግዳው ገና አልገቡም እኮ።»

«ኮሪደር ላይ መቆምም ክልክል ነው! አሁኑኑ ካልገባችሁ ትባረራለህ!»

ተማሪው ከበሩ ፈቀቅ ብሎ እጅ ነሳ።

«እርስዎን አስቁመን እንዴት እንገባለን? በሞቴ፣ ይቅደሙ። ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዳይቆዩብኝ፤ እባረራለሁ።»