የፊታውራሪ ድንበሩ ወይን ጠጅ

ፊታውራሪ ድንበሩ የሚባሉ ጌታ ነበሩ። ጠላና ጠጁን ንቀው፣ ከፈረንሳይ አገር ቡርጎኝ ከሚባል ቦታ ያስመጡትን የስልሳ ዓመት ወይን ጠጅ ቆልፈው ያኖራሉ፤ መጠጣቱ ይቅርና ማየቱም በደጅ ጥናት ነው!

አንድ ቀን መኳንንቱን ጠርተው አንዱን ጠርሙስ አስከፈቱ። አሳላፊያቸውም እንደ ወጉ፣ መርዝ እንደሌለው ለማሳየት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ልጆቼ፣ ሆምጣጤ ሆኗል!

«አንተ፣ ፊትህን ምን አጨማደደው? በል ጣዕሙን ለእንግዶቼ ንገር! ወይን ጠጄን ብታዋርድ ዛሬውኑ ከቤቴ ትወጣለህ» አሉት ፊታውራሪ።

ቢያወድሰው ደግሞ እንግዶቹ ቀምሰው ሊታዘቡት ነው፤ ምን ይበል ምስኪን? እጅ ነሳና፣

«ጌታዬ፣ የእኔ ሥራ መጠጡ ሰው ይገድል እንደሆነ ማየት ነው። ይኼ ማንንም አይገድልም፤ እሱ ራሱ ከሞተ ቆይቷል» አላቸው።