ድምፅ ማጉያው ላይ ያረፉት ንቦች

በአንድ ወቅት፣ በአንድ የደጋ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓሮ፣ ሦስት ተማሪዎች ዋንዛ ላይ ስለተሰቀለ አንድ ቀፎ ይጨቃጨቁ ነበር።

«ቀፎውን ማን ሠራው? እሱን ብቻ መልስልኝ» አለ ይባቤ። ዋንዛው አጠገብ አልቆመም፤ ራቅ ብሎ የላይብረሪውን ግድግዳ ተደግፏል።

«ቀፎማ ባዶውን ነበር» አለ ምንይችል። «ከመስከረም ጀምሮ ተሰቅሎ የገባበት ሸረሪት ብቻ ነው። ንቦቹን ያስገባሁልህ እኔ ነኝ። ፊቴን እየው እስቲ።»

ፊቱ ለማየት የሚከብድ አልነበረም። የግራ ዓይኑ ቆብ አብጦ ዓይኑን ሊደፍነው ደርሷል፤ የላይኛው ከንፈሩም የሰው ከንፈር አይመስልም።

«እኔ ንደፉት አላልኳቸው።»

«አንተማ ምን ትላቸዋለህ፤ በመስኮት ነው ያየኸን።»

ትንግርት በሁለቱ መሀል፣ ግን ከሁለቱም ወደኋላ ብላ ቆማ፣ የሚኒ ሚዲያውን ክፍል ቁልፍ በጣቷ ታዞራለች። እሷም የምትለው ነበራት። ችግሩ፣ ትንግርት የምትለውን አስባ አሳምራ እስክትጨርስ ድረስ ወሬው ሁልጊዜ ጥሏት ይሄዳል።

ጠቡ የማር አልነበረም፤ ማር ገና አልተሠራም። ጠቡ የክበብ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች በክበባት ስም የተሞላ ነው። ሥራቸው ግን እንደ ስማቸው አልነበረም። ዓምና በወላጆች ቀን አንዱን የጽዳት ዘመቻ አምስት ክበብ «የኛ ነው» ብሎ አቅርቦት ወላጅ ሁሉ ስቋል። አዲሱ ርዕሰ መምህር አቶ ደረበ ይህን ሰምተው ነው የመጡት። በመጀመሪያው ሰኞ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመው፣ «ስም አያስፈልገኝም» አሉ። «በወላጆች ቀን የሚታይ ሥራ የሌለው ክበብ ይፈርሳል፤ ክፍሉንም ያስረክባል። አንድ ሥራ ደግሞ የአንድ ክበብ ነው። ተካፍለን ሠራን የሚል አልሰማም።»

ይባቤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሰብሳቢ ነው፤ አባላቱም እሱና ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ንብ ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳል፤ ንብ ግን አይስማማውም። አንድ ጊዜ አንዲት ብቻ ነድፋው ትንፋሽ አጥሮት ጤና ጣቢያ አድሯል፤ ሐኪሙም ዳግመኛ እንዳይጠጋ አስጠንቅቆታል። ስለዚህ የሚወደውን ከሩቅ የሚወድ ልጅ ሆነ። የአቶ ደረበን ቃል በሰማ ሰሞን ቀርከሃ ሰንጥቆ ቀፎ አበጀ፤ ውስጡን በእበትና በአመድ መረገ፤ ሲደርቅ በወይራ አጠነውና ዋንዛው ላይ ሰቀለው። ሲያልፉ የሚያዩት ሁሉ፣ «ይባቤ፣ ቅርጫቱን ገበያ አታወጣውም?» ይሉታል። እሱም፣ «እንግዳ እየጠበቅኩ ነው» ይላል። ጠዋት ጠዋት፣ ለክበቡ ከተሰጠው የላይብረሪው ጓዳ ሆኖ፣ በመስኮት ያየዋል። አንድ ቀን ቦታ የሚመርጡ ጥቂት ንቦች ቀፎውን ሲዞሩት አየ፤ ድንጋይ እንዳይወረወርባቸው ብሎ ለማንም አልተናገረም።

እንግዶቹም መጡ። ሰው ያሰበውና ንብ ያሰበችው ለየቅል ነውና ቀፎውን አልፈው፣ ሰንደቅ ዓላማው አጠገብ ምሰሶ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ አፍ ላይ አረፉ። ተያይዘው እንደ በግ ላት ተንጠለጠሉ።

ያ ቀን የትንግርት ቀን ነበር። ትንግርት የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ናት፤ በእርግጥ ሌሎቹ አንድ በአንድ ስለቀሩ ክበቡ እሷው ናት ማለት ይቻላል። ዓምና ሙሉ ማይኩን ስትወለውልና ዘፈን ስትከፍት እንጂ አንድም ቀን ስትናገርበት አልተሰማችም። የሚኒ ሚዲያ ሥራ ነፋስ ይዞት የሚሄድ ስለሆነ ለወላጆች ቀን ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ አቶ ደረበ፣ «ሐሙስ ከወረዳ እንግዶች ይመጣሉ። በዕረፍት ሰዓት የራስሽን ጽሑፍ አንብቢ፤ እነሱ ከሰሙት እንደ ሥራ እቆጥርልሻለሁ» ብለዋት ነበር። ጽሑፏን ብዙ ጊዜ ደግማ እየጻፈች አዘጋጅታለች። ማይኩን ልትከፍት ስትል ይባቤ ሮጦ ገባ።

«ትንጉ፣ እባክሽ አትክፈቺው። ድምፅ ማጉያው ከተንቀጠቀጠ ይሄዳሉ። ከሄዱ ደግሞ አይመለሱም።»

«ዛሬ እኮ ነው የኔ» አለች።

«አውቃለሁ» አለ ይባቤ።

ትንግርት በመስኮቱ ወደ ምሰሶው አየች፤ ከዚያም ሶኬቱን ነቀለች። የትምህርት ቤቱ ደወል ከምሰሶው ጎን የተሰቀለ የሐዲድ ብረት ነበርና ወደ ዘበኛው ሄዳ፣ «አባባ፣ ዛሬ እንዳይመቱት» አለቻቸው። ዕረፍት መሆኑን ለመንገር በየክፍሉ በር ብቅ እያለች፣ «ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ በምሰሶው በኩል አትለፉ» አለች። ዓመቱን ሙሉ ካወራችው በላይ በዚያች ጠዋት አወራች፤ ያም በሹክሹክታ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ጆሯቸውን ወደ ሜዳው አዘንብለው፣ «ሚኒ ሚዲያችሁ ዲዳ ነው እንዴ?» አሉ። አቶ ደረበ ወደ ትንግርት ተመለከቱ። ትንግርት ጫማዋን አየች። እንግዶቹም ሄዱ።

ምንይችል የድራማ ክበብ ነው። ወሬ የማያልቅበት፣ መምህር እያስተማረ እንኳ ጎኑ ያለውን የሚያስቅ ልጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ተማሪው ከሩቅ ቆሞ ሲያይ፣ ይባቤም መጠጋት አቅቶት ሲንቆራጠጥ አየና፣ «እኔ በድራማ ሦስት ጊዜ ነግሼ አንድ ጊዜ እንኳ አልዘመትኩም» ብሎ ወደ ክበቡ ክፍል ገባ። ሲወጣ የድራማውን ንጉሥ ካባ ደርቦ፣ የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ ራሱን በሙሽራዋ ዓይነ ርግብ ሸፍኖ ነበር።

«እልል በሉላት» አለ አንዱ።

«ሙሽሪት፣ ሚዜ አትፈልጊም?» አለ ሌላው።

«ሚዜ የሚሆነኝ መሰላል ይያዝ» አለ ምንይችል። የሚስቀው ሁሉ ወደኋላ አፈገፈገ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ብቻውን ወጣ። በአንድ እጁ የሚጨስ ጨርቅ ይዞ፣ በሌላው አውራዋን ንብ ፈልጎ ክንዱ ላይ ያንጠለጠለው ቅርጫት ውስጥ አስገባት፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ቀስ ብሎ ወርዶ ዋንዛው ድረስ ወስዶ ቀፎው ውስጥ ገለበጣቸው። ዓይነ ርግቡ ቀዳዳ እንዳለው ያወቀው ላይ ሆኖ ነው። ከጨርቁ የወደቀ ፍንጣሪ ደግሞ ካባውን ከጫፉ እስከ ወገቡ በልቶት ነበር። ለወላጆች ቀን የተዘጋጀው ድራማ የንጉሥ ታሪክ ነው፤ ክበቡ ያለው ካባ ያው አንዱ ነበር። ካባ የሌለው ንጉሥ ደግሞ ተማሪ ነው።

በማግስቱ ንቦቹ ከቀፎው ሲወጡና ሲገቡ ዋሉ። አቶ ደረበ መጥተው ረጅም ጊዜ ቆመው አዩና ፊታቸው ፈካ።

«ይኸው የሚታይ ሥራ» አሉ። «የየትኛው ክበብ ነው?»

ይባቤና ምንይችል እኩል «የኛ» አሉ። ትንግርት አፏን ከፍታ ነበር።

አቶ ደረበ ሦስቱንም አዩ። «እኔ አልፈርድም፤ ከፈረድኩ ያልደረሳችሁ ሁለታችሁ ዓመቱን ሙሉ ታኮርፋላችሁ። ራሳችሁ ተስማሙ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ የክበቡ ስም በድምፅ ማጉያ ይነገራል። የምታነበው ትንግርት ናት» ብለው ሄዱ። እንዲህ ነው ጠቡ የተጀመረው።

«በኛ ቀበሌ» አለ ይባቤ ከግድግዳው ሳይላቀቅ፣ «ንብ የገባው የማን ቀፎ ውስጥ ነው ተብሎ ነው የሚፈረደው። አያቴ ሲፈርዱ ሰምቻለሁ።»

«በኛ ደግሞ አውራዋን የያዘ ወሰደ ነው» አለ ምንይችል። «ቀፎ ያዋሰ ሰው ማሩ ሲቆረጥ ይቀምሳል። አያቶቻችንን እናጣላቸው እንግዲህ።»

ይባቤ ሳይወድ ፈገግ አለ። ከዚያ ምንይችል በደህናው ዓይኑ ወደ ኋላ አየ። «እሷስ?»

«እሷ ምን?»

«እሷም ክበብ አላት እኮ።»

«አላት» አለ ይባቤ። «ግን ምን አደረገች? ዝም ነው ያለችው።»

«ዝም በይ ያልከኝ አንተ ነህ» አለች ትንግርት።

ድምጿ ከፍ አላለም፤ ሁለቱም ግን ዞሩ። ይባቤ መሬት መሬት አየ።

«ልክ ነሽ፣ ብያለሁ። ውለታሽን አልክድም። ግን ትንጉ፣ ዝም ያለ ሰው ሠራ ይባላል?»

«እንደሱ ከሆነማ» አለ ምንይችል፣ «እኔ የሒሳብ ቲቸር ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩት ሁሉ ተደምሮ ኢንጂነር አድርጎኝ ነበር።»

ትንግርትም ሳቀች። ሲያቆሙ ይባቤ ለዘብ ብሎ፣ «ብትከፍቺውም እኮ ላይሄዱ ይችሉ ነበር» አላት።

«እኔም አላውቅም» አለች።

እውነቷን ነበር። ቀፎ ይታያል። ያበጠ ዓይንና የተቃጠለ ካባ ይታያል። ያልበረረ ንብ ግን ለምን እንዳልበረረ ማን ያያል? ትንግርት በልቧ ነገሩን ከየጎኑ አገላበጠችው። ቀፎው ባይኖር ምንይችል ንቦቹን የት ይገለብጣቸው ነበር? ምንይችል ባይወጣ ቀፎው እስከ ዛሬ የሸረሪት ነበር። እሷ ሶኬቱን ባትነቅል ግን፣ ምናልባት፣ የሚገለበጥም የሚሰቀልም አይኖርም ነበር። «ምናልባት» የምትለዋ ቃል መሀል ላይ ገብታ አላስኬድ አለቻት። የሁለቱን ልጆች ሥራ የሚያረጋግጥ ዓይን ሞልቷል፤ የእሷን የሚያረጋግጥ ግን እንግዶቹ ዲዳ ነው ብለው የሄዱት ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው።

ሰኞ የሌላ ክበብ ስም ካነበበች፣ በዚያ ማይክ ስትናገር የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ይሆናል። ክፍሉ ይዘጋል፤ ቁልፉም ይመለሳል። የራሷን ክበብ ስም ካነበበች ደግሞ ይባቤ መስኮቱ ይቀርበታል፤ ምንይችልም በከንቱ ተነደፈ።

«እንግዲህ» አለ ምንይችል ሲመሽ፣ «እኛ አልተስማማንም፤ ማይኩ ያለው በእሷ እጅ ነው። ያየሽውን አይተሻል፣ ትንጉ። የፈለግሽውን አንብቢ፤ እኔ አልቃወምም።»

«የራሷን ብታነብስ?» አለ ይባቤ።

«ታንብባ። ቆመን እንሰማለን።»

ይባቤ ከግድግዳው ተላቀቀ። «እሺ። እኔም አልቃወምም። ብቻ ስታነቢ ወደኛ እያየሽ አንብቢ።»

ትንግርት ወደ ዋንዛው ሄደች። ንቦቹ ለማደር ገብተዋል። ጆሮዋን ወደ ቀፎው አስጠጋች። ከውስጥ ዝቅ ያለ፣ ያልተቋረጠ እምምታ ይሰማል፤ ማይክ ተከፍቶ ሰው ገና ሳይናገርበት እንደሚሰማው ዓይነት። እስኪበቃት ሰማችው። ከዚያ ዞረች፤ ይባቤን አየችው፣ ምንይችልን አየችው፤ ቁልፉን ኪሷ ከተተችና በምሰሶው በኩል አልፋ ሄደች።

እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። አንዱ ቤቱን ሠራ፣ አንዱ እንግዶቹን ተነድፎ አስገባ፣ አንዷ እንዳይሄዱ ቀኗን ሰጠች። ሰኞ ጠዋት ድምፅ ማጉያው ሲከፈት መሰማት ያለበት የማን ክበብ ስም ነው? ቀፎው የሚገባው ለማን ነው?