የማጀቱ ደፍ

አንድ ሰው ነበር፤ ጥጋቡ ይባላል። ከሚስቱ ከሙሉነሽ ጋር ዘመድ ወደሌለበት ሩቅ አገር ተሰደደ። ሻንጣው ውስጥ ይህን ያህል ዕቃ አልነበረም፤ አባቱ ያወረሰውን ወንድነት ግን ሳያጎድል ይዞ ሄዷል። በአባቱ ቤት ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም። ከገባ መሳቂያ ይሆናል።

ሙሉነሽ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ከሆስፒታል በተመለሰች ማግስት፣ ጥጋቡ እዚያ ለሚያውቃቸው የአገሩ ሴቶች ስልክ ደወለ። ሁሉም እልል አሉለት፤ ሁሉም ግን ሥራ ላይ ነበሩ። «ስንወጣ መጥተን ገንፎውን እናገነፋለን» አሉት። እሱም እፎይ ብሎ ተቀመጠ።

«ራበኝ» አለችው ሙሉነሽ። ከሱቅ ያመጣላት ዳቦ አልዋጥላት ብሏል።

«ሴቶቹ እየመጡ ነው» አላት።

ጠዋት እንዲህ አላት፤ ቀትር ላይም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ መጠየቋን ተወች። ዱቄቱና ቅቤው ከጥጋቡ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ። እኔ ይህን ሰው ክፉ ነው አልልም። ሚስቱን ይወዳል፤ ጭንቅ ይዞት ሲንቆራጠጥ ነው የዋለው። እግሩ ግን የማጀቱን ደፍ አልሻገር አለ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ላቀው የሚባሉ የአገሩ ሽማግሌ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ሊሉ መጡ። ነገሩን ሲሰሙ አልተቀመጡም፤ ኮታቸውን አውልቀው ማጀት ገቡ።

«ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው! አባቴ ማጀት ገብቶ አያውቅም» አለ ጥጋቡ።

«አባትህ ያልገባው የሰፈሩ ሴት ሁሉ ስለገባለት ነው። አንተ እዚህ ማን አለህ?»

ጋሼ ላቀው ድስቱን እሳት ላይ ጣዱ።

«እኔም በዚሁ አገር እንዳንተ ደፍ ላይ ቆሜ ሴቶች ጠብቄያለሁ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት አብራኝ ስትኖር አንድ ነገር አምጣልኝ ብላኝ አታውቅም። አክብራኝ ይመስለኝ ነበር። የገባኝ ከሞተች በኋላ ነው።» ማማሰያውን ዘረጉለት። «በል ና፣ አማስል!»

ጥጋቡ ገባ። ገንፎው ጓጎለ፣ ከሥሩም አረረ። ሙሉነሽ ግን ጠርጋ በላችው። ሳህኑን ስትመልስለት «ውሃም ስጠኝ» አለችው። ወንድ ልጅ አያለቅስም እየተባለ ያደገው ጥጋቡ ይህን ሲሰማ አለቀሰ።

ሰው አገሩን ሲለቅ ወጉን ይዞ ይሄዳል፤ ያንን ወግ ደግፎ ያቆመውን ጎረቤት ግን ይዞ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ወንድነት በአዲሱ አገር የሚለካው አባታችን ያላደረገውን ባለማድረግ ሳይሆን፣ ፊታችን ያለውን ሰው ባለማስራብ ነው።

እስቲ ቤታችንን እንይ፤ እኛን መጠየቅ የተወ ሰው ይኖር ይሆን?