አያ ይርዳው በቅቤ ተራ

አንድ ቀን የባሌ ወንድም አያ ይርዳው፣ ልጁ የውብዳር አዲስ አበባ ወልዳ ኖሮ ሊጠይቃት ከሞጣ ተነሣ። ሚስቱ ለአራሷ ብላ አንድ ቅል ሙሉ ለጋ ቅቤ አስይዛው ነበር። ቅሉ አውቶቡስ ላይ ተሰበረና ቅቤው የሰው ሻንጣ አጥግቦ ቀረ። ባዶ እጅን አራስ ቤት መግባት ደግሞ ለአባት ሞት ነው። አያ ይርዳው ፊደል አልቆጠረም። እኔም ብዙ አልቆጠርኩም። ቅቤ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ከአውቶቡስ ሲወርድ የተቀበለው የአማቹ አጎት አቶ እንግዳወርቅ ነው። ይህ ሰው የማያውቀው ነገር የለም፤ እግዜር ሰማይን ሲዘረጋ በአንድ ጠርዝ ይዞ ያገዘው ይመስለዋል። ቅቤ ተራ እስኪደርሱ አፉን አልዘጋም።

«እዚህ ከተማ ቅቤ ነው ብለው ሙዝ የሚሸጡልዎ አሉ። እርስዎ ዝም ይበሉ፣ እኔ እመርጥልዎታለሁ። ከደንበኛዬ ከእትዬ ላቀች በቀር ከማንም እንዳይገዙ!»

«እሺ» አለ አያ ይርዳው። «እሷ ዘንድ እስክንደርስ ግን የሌሎቹንም ላሽትት።»

በእኛ አገር ቅቤ የሚገዛ ሰው በጣቱ ቆንጥሮ ያሸታል፤ ጣቱ ላይ የቀረውን አናቱ ላይ ይጠርጋል። አያ ይርዳው ደግሞ ራሰ በራ ነው፤ አናቱ እንደዚያ እንደተሰበረው ቅል የለሰለሰ። ከአንደኛዋ ነጋዴ ቆነጠረና ከግራ ጆሮው በላይ አስቀመጠ። የሁለተኛዋን ከቀኝ ጆሮው በላይ። የሦስተኛዋን ከማጅራቱ ከፍ አድርጎ። እትዬ ላቀች ዘንድ ሲደርሱ የእሷን መሀል አናቱ ላይ ጉብ አደረገው። ከዚያ ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆመ። ቀትር ነው።

እትዬ ላቀች ሳቀች።

«አባቴ፣ ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ሊቀቡ? ተራውን ሁሉ ዞረው ራስዎን አስጌጡ እኮ!»

አቶ እንግዳወርቅ አፈረ። «ኧረ ይተዉ፣ ሰው እያየን ነው! የእሷ ንጹሕ ነው፤ እኔ ሃያ ዓመት የበላሁት ነው!»

«ትንሽ ይታገሡኝ» አለ አያ ይርዳው።

ታገሡት። ተራው ሁሉ ሥራውን ፈትቶ አናቱን ያያል።

«ኧረ ምን እየጠበቁ ነው?» አለች እትዬ ላቀች። አሁን አልሳቀችም።

አያ ይርዳው መሀል አናቱን በጣቱ ነካ አደረገና እንዲህ አላት፦

«የጎረቤቶችሽ ቅቤ ባለጌ ነው እቴ፤ ማንም ሳይጋብዘው በአንገቴ ወርዶ ሸሚዜ ውስጥ ገባ። ያንቺው ግን ጨዋ ነው፤ ካስቀመጥኩት ቦታ ንቅንቅ አላለም። እኔ ደግሞ ለአራስ ልጄ የምፈልገው ባለጌውን ነው።»

አቶ እንግዳወርቅ አራስ ቤት እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የሃያ ዓመት ሙዝ ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ ምን ይናገራል!